ክረምት የሌለበት አልበም

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ይዟቸው የመጡት ካሜራዎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ደጋግሞ የተመለከተ ሰው፣ ውሎ አድሮ አንድ ነገር ይከነክነዋል። ሰማይ የላቸውም። ተራራው አለ፤ ገደሉም፣ የሠራዊቱ ድንኳንም፣ የቁጥቋጦው ጥላም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከተራራው ጫፍ በላይ ያለው ግን ጊዜ ያወየበው ባዶ ወረቀት ነው። ደመና የለም፤ ጉም የለም፤ ዝናብ እየመጣ ይሁን እየሄደ የሚጠቁም አንድም ምልክት የለም። ከባሕር ጠረፍ እስከ ወሎ ደጋ የተዘረጋው ያ ሁሉ አገር ጣራው የተነሣ ቤት ይመስላል።

ምክንያቱ በመጀመሪያ ኬሚካላዊ ነው። በዚያ ዘመን በብዛት ይሠራበት በነበረው የኮሎዲዮን ዘዴ፣ ፎቶ አንሺው መስታወት ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባል፤ መስታወቱን በብር ጨው ውኃ ይነክራል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ከትቶ ያነሣበታል፤ ወዲያውኑም ወደ ጨለማ ድንኳኑ ሮጦ ሥዕሉን ያወጣዋል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተጠናቀቀ ሰሌዳው ደርቆ ከንቱ ይሆናል። በደረቁ የደጋ ነፋስ ይህን ሥራ መሥራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ከዚህም በላይ ሰሌዳው ግማሽ ዕውር ነበር። ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ያያል፤ ቢጫውንና አረንጓዴውን በጥቂቱ፤ ቀዩን ጨርሶ አያይም። ስለዚህ አፈሩና ዓለቱ በወጉ እስኪቀረጹ ድረስ ሰማዩ ከነደመናው ተቃጥሎ ነጭ ይሆናል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ችግር ብልሃት አግኝቶለት ነበር፤ ባሕሩን በአንድ ኔጋቲቭ፣ ደመናውን በሌላ ኔጋቲቭ አንሥቶ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። ይህ ግን ጊዜና ስቱዲዮ ላለው ሰው ነው። ለወታደር አይሆንም።

ኬሚካሉ ኋላ ተሻሻለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቀለማትን ሁሉ የሚለዩ ሰሌዳዎች ለገበያ ቀረቡ፤ በቢጫ ማጣሪያ ደመናን ከሰማይ ለይቶ ማውጣትም ተቻለ። ሆኖም የኢትዮጵያ መልክዓ ምድርና ጥንታዊ ሕንፃዎች በፎቶግራፍ የተሰበሰቡበትን ያንን ትልቅ አልበም ከዳር እስከ ዳር ብናገላብጠው፣ ነጩ ሰማይ በጠራ ሰማያዊ ተተካ እንጂ ክረምቱ አልገባበትም። ይህ አልበም የተዘጋጀው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። የዓመቱ ሩብ ጎድሎታል። የጎደለው ሩብ ደግሞ አገሩን አገር የሚያደርገው ሩብ ነው።

ወደ መቅደላው ዘመቻ እንመለስና የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። የጄኔራል ናፒየር ቀዳሚ ጦር ዙላ ወደብ የደረሰው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ነው። ናፒየር ራሱ በጥር ወር መባቻ ገደማ ተከተለ። ከባሕሩ እስከ መቅደላ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የተራራ መንገድ አለ። ያን መንገድ ከነዝሆኑ፣ ከነግመሉ፣ ከነመድፉ ወጥቶ፣ ተዋግቶ፣ ተመልሶ መርከብ ላይ መሳፈር የነበረበት ክረምት ሳይገባ ነው። በሰኔ ወንዞቹ ከሞሉ መመለሻ የለም። በዚያው ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረቡ ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። እርሳቸውም ቢሆኑ ያንን ብረት በጭቃ ውስጥ ሊያስጎትቱት አይችሉም። ሁለቱ ሠራዊቶች እንግዲህ እርስ በርሳቸው ብቻ አልነበረም የሚሽቀዳደሙት፤ ከደመናም ጋር ነበር።

ደመናውም አልቀረም። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዓርብ፣ የአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሲካሄድ ነጎድጓድና ዝናብ እንደነበረ የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊዎች አስፍረውታል። መድፉና ሰማዩ አብረው ያጓሩበት ያ ምሽት በካሜራ አልተያዘም፤ ሊያዝም አይችልም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ከዚያም ምሽጉ ተቃጠለ፤ ጦሩ መመለስ ጀመረ። በመልሱ ጉዞ የጠረፉ ገደል ውስጥ ደራሽ ውኃ ወርዶ ሰው ወሰደ። ይህም በጽሑፍ እንጂ በምስል የለም። በሰኔ የመጨረሻዎቹ መርከቦች ሲንቀሳቀሱ ዋናው ዝናብ ገና መጀመሩ ነበር።

ፎቶግራፎቹን ያነሡት ከንጉሣዊው መሐንዲሶች ክፍል የተመደቡ፣ በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመሩ ወታደሮች ናቸው። ዋና ሥራቸው ካርታዎችንና ንድፎችን በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ነበር። መልክዓ ምድሩን ያነሡት ከዚያ በተረፈ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ሰንዓፌን፣ አዲግራትን፣ የአሸንጌ ሐይቅን፣ የመቅደላን በሮች ትተውልናል። ዐፄ ቴዎድሮስን ግን በሕይወታቸው ሳሉ ያነሣቸው ካሜራ የለም። ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን በዚያው ዓመት ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንሥታዋለች፤ ያን የሕፃን ፊት አንድ ጊዜ ያየ አይረሳውም። ወደ ተነሣንበት እንመለስ።

ከመቅደላ 38 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1898 ዓ.ም.፣ ሌላ ዓይነት ጓድ አክሱም ገባ። የጀርመን የአክሱም ጉዞ ይባላል። መሪው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ኤኖ ሊትማን ሲሆኑ፣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባሉ መሐንዲሶች፣ ኤሪክ ካሽከ የተባለ ሐኪምም አብረው ነበሩ። ካሽከ የሕዝቡን ዜማ በሰም ሲሊንደር ቀዳ፤ ፎን ሉፕከ ደግሞ ካሜራውን ያዘ። ዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ሰጥተዋቸው፣ የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴ እየረዷቸው፣ ሐውልቶቹን ለኩ፤ የፈረሰውን ቤተ መንግሥት መሠረት ገላልጠው ነደፉ፤ ጽሑፎቹን ገለበጡ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ ታተመ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ አክሱም የሚጽፍ ሰው እነዚህን ቅጾች ሳይገልጥ አይነሣም።

የፎን ሉፕከ ፎቶግራፎች ከመቅደላዎቹ የሚለዩት በጥንቃቄያቸው ነው። ብርሃኑ በድንጋዩ ላይ በሰያፍ የሚያርፍበትን ሰዓት ጠብቆ እንዳነሣ ያስታውቃል፤ የሐውልቶቹ መስኮትና መዝጊያ መስለው የተፈለፈሉት ቅርጾች በጥላቸው ጎልተው ይወጣሉ። ነገር ግን ጓዱ የመጣው በጥር ነበር፤ ዋናው ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞም ሄዷል። ስለዚህ አክሱም በእነዚያ ቅጾች ውስጥ ለዘለዓለም ደረቅ ናት። እዚህ ላይ አንድ የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ላንሣ። በአክሱም ዙሪያ ባሉ እርሻዎች የጥንት ነገሥታት ሳንቲሞች የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ከዝናብ በኋላ ነው። ጎርፉ አፈሩን ሲያጥብ ወርቁና መዳቡ ብልጭ ይላል፤ እረኛ ያነሣዋል። የመጀመሪያው የአክሱም ቆፋሪ፣ ከሊትማንም በፊት ከሊትማንም በኋላ፣ ክረምቱ ራሱ ነው። ያን ቆፋሪ በሥራ ላይ እያለ የሚያሳይ ምስል ግን በአራቱ ቅጾች ውስጥ አንፈልግ።

ጓዱ በመሬት ላይ ተሰባብሮ ካገኛቸው ሐውልቶች አንዱ 24 ሜትር ያህል ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ፋሺስቶች ወደ ሮም ወስደው አቆሙት። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል እንዲመለስ ያስገድድ ነበር፤ ሐውልቱ ግን በሮም የመኪና ጭስ ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። በግንቦት 1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው። ባለበት ቢቆይ ይሻለዋል፣ ማንቀሳቀሱ አደጋ አለው ይሉ ለነበሩ ሰዎች ከሰማይ የመጣ መልስ ይመስለኛል። በዓመቱ መነቀል ተጀመረ፤ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተጭኖ አገሩ ገባ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቆሞ ተመረቀ። ለዚያ ለተጓዘ ድንጋይ የፎን ሉፕከ ሰሌዳዎች እንደ ልደት ወረቀት ናቸው፤ ከመወሰዱ በፊት የት እንደ ነበረና እንዴት እንደ ወደቀ ይመሰክራሉ። ነሐሴ ላይ መመረቁም ደስ ያሰኛል። ቢያንስ ለአንድ ጊዜ ካሜራዎች ሁሉ በክረምት ወደ አክሱም ዞሩ።

ስለ አየር ላይ ፎቶግራፍ በአጭሩ ልለፍ። ስዊሳዊው አውሮፕላን ነጂ ቫልተር ሚተልሆልትዘር በ1926 ዓ.ም. በጋ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የገዙትን ፎከር አውሮፕላን ለማስረከብ ወደ አዲስ አበባ በርሮ ነበር። በመንገዱ ያነሣቸው ምስሎች ዛሬ በዙሪክ በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላው ስዊሳዊ ጌኦርግ ጌርስተር የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ አንሥቶ ለዓለም አሳየ። ከአየር ማንሣት የጠራ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ አውሮፕላን ካሜራውን ከበቅሎ ነጻ ቢያወጣውም ከበጋ ነጻ አላወጣውም። እንዲያውም ይበልጥ አሰረው፤ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት ሳይለብስ በፊት የአፈር ሜዳ ስለ ነበረ በክረምት በረራው ይቋረጥ ነበር። ጎብኚ በሐምሌ ቤተ ጊዮርጊስን ላንሣ ቢል ቀናት በበቅሎ መጓዝ ነበረበት።

ታዲያ በአገሩ ክረምቱንም በጋውንም የሚኖሩ ፎቶ አንሺዎች አልነበሩም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ነበሩ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። የእነዚህ ሰዎች ሙያ ግን ፊት ነበር። ንጉሡ በዙፋን፣ መኳንንቱ በካባ፣ ሙሽሮቹ በመጋረጃ ፊት። ደንበኛው ከጭቃ ወጥቶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ነው ስቱዲዮ የሚገባው። ውጭ እየዘነበ እንደ ሆነ ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። መልክዓ ምድሩ ለአላፊ አግዳሚው ተተወ፤ አላፊ አግዳሚው ደግሞ የሚያልፈው በበጋ ነው።

በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሲመሩት፣ ይህ ሳይታሰብ የተሠራ አልበም መፈክር አገኘ። በእንግሊዝኛው ኢትዮጵያ የአሥራ ሦስት ወር የፀሐይ ብርሃን አገር ተባለች። ሀብተ ሥላሴ ብልህ ሰው ነበሩ፤ መፈክሩም የብልህ ሰው መፈክር ነው። የቀን መቁጠሪያችንን ልዩነት በአንድ ሐረግ ለዓለም አስተዋውቋል፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሎ «ምድረ ቀደምት» በሚለው የተተካው በቅርቡ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። ግን እስቲ አሥራ ሦስተኛዋን ወር እናስባት። ጳጉሜን ማለት ዝናብ ማለት ናት። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው በዝናቡ የሚታጠቡባት፣ እናቶች ጠበሉን በዕቃ የሚቀበሉባት ወር ናት። መፈክሩ እንዲያምር ያደረገችው ያችው ወር መፈክሩን ታፈርሰዋለች። የአማርኛው ትርጉም «የ13 ወር ፀጋ» መሆኑ ያስደንቃል። ማን እንደዚያ እንዲባል እንዳሰበው ባናውቅም፣ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይበልጥ እውነተኛ ነው፤ በገበሬ አፍ ዝናብም ፀጋ ነውና።

የፖስተሩ ፀሐይ ያስከተለው ግራ መጋባት ከሁሉ የሚታየው ጢስ ዓባይ ላይ ነው። በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የነበረውን ፏፏቴ የማያስታውስ የለም። ያ ስፋት የክረምት ስፋት ነው። ከፏፏቴው ጥግ እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ሁለተኛ ተሠራ፤ ሐይቁ መውጫ ላይም ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ አለ። በዚህ ምክንያት በበጋ የሚመጣ ጎብኚ በኖቱ ላይ ካየው መጋረጃ ይልቅ ጥቂት ፈትል ውኃ ይጠብቀዋል። ፀሐዩን ተከትሎ መጥቶ ውኃውን ያጣዋል። ነሐሴና መስከረም ላይ ቢመጣ ካሜራው ይረጥባል፤ ጫማው ጭቃ ይውጣል፤ ጢሱ የሚወጣበትን ምክንያት ግን ያያል። የጢስ ዓባይ ስም ራሱ የአየር ሁኔታ መግለጫ መሆኑን ልብ ይሏል።

ላሊበላ ላይ ጉዳዩ ከውበት አልፎ ወደ ሕልውና ይሸጋገራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፣ የጻፈውን የሚያምነው እንዳያጣ ሰግቶ መዘርዘሩን እንደተወ ይነግረናል። ካሜራ ሲመጣ ያ ስጋት ተወገደ። ዓለም አመነ። ፎቶግራፉ ግን አብያተ ክርስቲያናቱን ያሳየን ደረቅ አድርጎ ስለ ሆነ፣ የሚገድላቸውን ነገር ደበቀን። ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ያ ቀይ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። በክረምት ይርሳል፤ በበጋ ይደርቃል፤ በስንጥቁ በኩል ውኃ እየሰረገ የውስጡን ሥዕል ያበላሻል። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በየግቢው የጎርፍ መውረጃ ቦዮች ፈልፍለዋል። እነርሱ ሕንፃውን ሲያስቡ ሐምሌን አብረው አስበው ነበር ማለት ነው፤ እኛ ፎቶውን ስናይ የምናስበው ጥርን ነው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተሠርተው አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት ሸፈኑ። ዝናቡን አቁመዋል። ዳሩ ግን ጊዜያዊ ተብለው የተተከሉት ብረቶች ክብደታቸውና የነፋሱ ግፊት ሕዝቡን አስጨነቀ፤ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ የላሊበላ ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው መፍትሔ ጠየቁ። የፎቶግራፉ ዓለም ደግሞ የራሱን መፍትሔ በዝምታ ወሰደ። መጠለያ የሌለበት ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን የላሊበላ መልክ ሆነ። በመጽሔት፣ በፖስት ካርድ፣ በየግድግዳው የምናየው እርሱን ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ያ ግዙፉ፣ ከነመጠለያው የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲታይም ፎቶ አንሺው ጣራው እንዳይገባበት ካሜራውን ወደ ታች እንደ ጎነበሰ ያስታውቃል። እኔ በበኩሌ መጠለያው ያለበትን ፎቶ እመርጣለሁ። አስቀያሚ ነው፤ ነገር ግን ክረምት መኖሩን ያመነ ብቸኛው የላሊበላ ፎቶ እርሱ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ የጎብኚና የቅርስ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ከዚያ የከበደ አለበት። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኬንያው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ዓለምን አዳረሰ። ጎሕ ሲቀድ፣ በብርዱ ውስጥ፣ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ። ያ ምስል እውነት ነበር፤ ለብዙዎችም ሕይወት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ግን ኢትዮጵያ በዓለም ዓይን የደረቀች አገር ሆና ቀረች። ክረምቱ በአልበሙ ውስጥ ቀድሞም ስላልነበረ፣ አንድ ክረምት ሲቀር ለዘለዓለም የቀረ መሰለ። የሰሜኑ መሬት ሞቷል፣ አይመለስም የሚል እምነት በባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር ሰፈነ። ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለውም አባባል አብሮ ተደጋገመ። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ያ አኃዝ የቆመበትን ማስረጃ መርምረው ስስነቱን አሳይተዋል፤ አባባሉ ግን አሁንም ከየንግግሩ አልጠፋም።

ኮረም ከአሸንጌ ሐይቅ ብዙ አይርቅም። የሳጅን ሃሮልድ ሰዎች በ1860 ዓ.ም. ያለፉበት፣ ሐይቁንም ያነሡበት አገር ነው። እናም ያ ሰማይ አልባ አልበም ሳይጠበቅ ምስክር ሆኖ ተጠራ። ቤልጅየማዊው የጂኦግራፊ ምሁር ያን ኒሰን ከመቀሌው ምትኩ ኃይሌ፣ ከሪቻርድ ፓንክረስትና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አሥራ ሦስት የመልክዓ ምድር ምስሎችን መርጠው፣ በ2000 ዓ.ም. በየሥፍራው ቆመው እንደገና አነሷቸው። ሥራው ቀላል አይደለም። የቅርቡ ዓለት ከሩቁ ሸንተረር ጋር በፎቶው እንዳለው እስኪገጥም ድረስ ፎቶ አንሺው ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል፤ ወቅቱም መመሳሰል አለበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የሕዝቡ ቁጥር አሥር እጥፍ ያህል ጨምሮ ሳለ፣ በእነዚያ ሥፍራዎች የዕፅዋት ሽፋኑ ከ140 ዓመት በፊት ከነበረው ተሻሽሎ ተገኘ። ባሕር ዛፍ አለ፤ ግን ባሕር ዛፍ ብቻ አይደለም፤ አገር በቀሉም ቁጥቋጦና ዛፍ በየቦታው ተመልሷል። እርከኑም በዝቷል። የቴዎድሮስ ዘመን መሬት የተራቆተ ነበር፤ የእኛ ዘመን ገበሬ ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ያለበሰው ነበር።

ይህን ግኝት ሳነብ ይበልጥ የያዘኝ አንድ ጎን ለጎን የተጠቀሰ ነገር ነው። በአንዳንዶቹ ሥፍራዎች በ1860 ዓ.ም. በወንዝ ዳር የነበሩት ዛፎች ዛሬ የሉም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ያስረዳሉ፤ መሬቱ ክፉኛ በተጎዳባቸው ጊዜያት፣ በተለይም በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ጎርፉ በርትቶ ወንዞቹን አስፍቶ ዛፎቹን ጠርጎ ወስዷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ወንዞቹ ረግተዋል። ክረምቱ እንግዲህ በጥንዶቹ ፎቶዎች መካከል ገብቶ አሻራውን ትቷል። ራሱ አይታይም፤ የወሰደው ይታያል።

ጥንዶቹን የሚያመሳስላቸው ሁለቱም በበጋ መነሣታቸው ነው፤ ንጽጽሩ ሳይንሳዊ እንዲሆን ያስቻለውም ይኸው ነው። የሐምሌ ጥንድ ግን ሊኖር አይችልም። በሐምሌ 1860 ዓ.ም. ዝናቡ በአሸንጌ ላይ ሲወርድ፣ ኮረብታው ለምልሞ፣ ሐይቁ ሞልቶ፣ ጉሙ ሸንተረሩን ሲጋርደው፣ የሳጅን ሃሮልድ ካሜራዎች ከቀይ ባሕር ወዲያ ነበሩ።